ሶሲዮሎጂና የእድር መዝገብ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባሎችና ለተማሪ ልጆቻቸው ከተደረገ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ጊዜ ሰጥቶኛል። አላንዛዛም። የምናገረው ከአባሎቻችን አንዷ ባነሱልኝ ጥያቄ ላይ ነው። ልጃቸው 11ኛ ክፍል ሊገባ ነው። «ሶሻል ገብቼ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስደርስ ሶሲዮሎጂ አጠናለሁ ይለኛል። ለመሆኑ ይህ ሶሲዮሎጂ የሚሉት ምንድን ነው? እንጀራስ ይወጣዋል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚህ ለሁላችሁም ብናገረው ይሻላል ብዬ አቆየሁት።

ከእንጀራው ልጀምር። እውነቱን ለመናገር፣ ሶሲዮሎጂ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ሒሳብ አያያዝ ገና ሲገቡበት የሥራው ስም የሚታወቅ ትምህርት አይደለም። ተመራቂው በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በጥናት ሥራ፣ በሠራተኛ አስተዳደር ወይም በማስተማር ላይ ይገኛል፤ ውድድሩም ብዙ ነው። ከሶሻል ወርክ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ሶሻል ወርክ የተቸገረውን ሰው የመርዳት ሙያ ሲሆን፣ ሶሲዮሎጂ ደግሞ ችግሩ ለምን እዚህ ሰፈር በዛ፣ ለምን በእነዚህ ሰዎች ላይ ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ ዕውቀት ነው። ሁለቱ ይረዳዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ደግሞም ልጁ ዛሬ ፈለግሁ ስላለ ነገ ይደርሰዋል ማለት አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርቶች ያሳልፍና የሚማርበትን ክፍል የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምርጫውንም ውጤቱ ይወስነዋል። ከሁሉ በፊት ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በሚቀጥለው ዙር 3.2 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ቢመጣም፣ ከዚህ አዳራሽ ልጆች መካከል አብዛኞቹ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ላይገቡ ይችላሉ። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሶሲዮሎጂን ከዩኒቨርሲቲ በፊት መጀመር የሚጠቅመው ለሚገባው ብቻ ሳይሆን ሰፈር ለሚቀረውም ጭምር ነው ለማለት ነው። እንዲያውም ለሚቀረው ሳይበልጥ አይቀርም።

ታዲያ ከዩኒቨርሲቲ በፊት የት ይማረው? በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ጂኦግራፊ አለ፣ ታሪክ አለ፣ ኢኮኖሚክስ አለ። ሶሲዮሎጂ የሚባል ትምህርት ግን የለም። በእንግሊዝ አገር የ16 እና የ17 ዓመት ተማሪዎች ሶሲዮሎጂን እንደ አንድ ትምህርት ወስደው ይፈተኑበታል። በሕንድም ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተዘጋጀ የሶሲዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አለ፤ በኢንተርኔት በነጻ ስለሚገኝ ልጆቻችን በስልካቸው አውርደው ሊያነቡት ይችላሉ። ኦፕንስታክስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚም እንዲሁ በነጻ የሚሰጠው የመግቢያ መጽሐፍ አለው። በእኔ አስተያየት የሕንዱ ይሻላል። ስለ መንደር፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ገበሬና ከተማ ስለሚገባ ወጣት ስለሚናገር ለእኛ ይቀርባል። የአሜሪካኑ ምሳሌው ሁሉ የሌላ አገር ነው፤ ልጁ ቃሉን ይሸመድድና ነገሩን አያየውም።

ነገሩን የሚያየው የት ነው ብትሉኝ፣ እዚሁ ነው እላለሁ። ጸሐፊያችን በብብታቸው ይዘውት የሚዞሩትን ያንን ትልቁን መዝገብ ማለቴ ነው።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሰውን በቁጥር የማጥናት ሥራ ከጀመሩት መካከል አንዱ ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን ነጋዴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው አልነበረም፤ የሱቅ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ወረርሽኝ ይመላለስ ስለነበር የለንደን አጥቢያ ጸሐፊዎች በየሳምንቱ ስንት ሰው እንደተቀበረ፣ ስንት ሕፃን ክርስትና እንደተነሣ እየጻፉ ያወጡ ነበር። ሰው ወረቀቱን የሚገዛው በሽታው መጣ አልመጣ ለማወቅ ነው፤ ካየው በኋላ ይጥለዋል። ግራውንት ግን የብዙ ዓመቱን ሰብስቦ ቁጭ ብሎ ቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ወንዶች ከሴቶች በጥቂቱ በልጠው ይወለዳሉ፤ ከ100 ሕፃናት 36 ያህሉ 6 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ በለንደን የሚቀበረው ከሚወለደው ይበልጣል። የሚቀበረው ከበለጠ ከተማው ለምን አልጠፋም? ከገጠር ሰው እየገባ ስለሚሞላው ነው አለ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ያገኘው ከቀብር መዝገብ ነው።

የእኛም አገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በጨረሰበት ዘመን ስንት ሰው በዚያ በሽታ እንደሚሞት በትክክል የሚነግር አልነበረም። አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ ቤተሰቡም ስሙን አይጠራውም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማው መቃብር ሥፍራዎች ሁሉ የሚፈጸመውን ቀብር ማስመዝገብ ጀመሩ። የሟቹ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቤተሰቡ ስለ ሞቱ የሚለው ነገር ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር በጎልማሶች ላይ የበረታው ሞት ወዲያው እየቀነሰ መሄዱ የታየው በዚሁ መዝገብ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ክርክር የመቃብር ጸሐፊዎች ብዕር ፈረደው ማለት ይቻላል።

አሁን ደግሞ ወደ እድር ልምጣ። አገራችን ውስጥ ሶሲዮሎጂ በዩኒቨርሲቲ መሰጠት ሲጀምር ተማሪዎቹና መምህራኑ ምን ያጠኑ ይመስላችኋል? ከቀደምቱ ርዕሶች አንዱ እድር ነው። አለማየሁ ሰይፉ የአዲስ አበባን እድሮች የሚመለከት የሶሲዮሎጂ ጥናት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር። በ1973 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ክፍል ተማሪ የነበሩት መኩሪያ ቡልቻ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የጻፉት እድር በልማትና በኅብረተሰብ ለውጥ ስላለው ድርሻ ነው። እኚህ ሰው ኋላ በስዊድን አገር የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነዋል። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣም ጆን ሀመር የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በዚያው ዘመን በሲዳማ ገጠር ሰው በፈቃዱ የሚመሠርታቸው ማኅበራት እንዴት እንደሚሠሩ አጥንቶ ጽፏል። በኋላም ዓሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም፣ ከእነሱም በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ እድር ተመልሰዋል። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሳይቀሩ እድሩ የተጻፈ ደንብ ያለው፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ከቀብር አልፎም ብድር የሚሰጥ የዋስትና ድርጅት መሆኑን አይተው ተደንቀዋል። እኛ ስንኖርበት ስለቆየን አልደነቀንም።

እናንተ ተማሪዎች ግን ይድነቃችሁ። መደነቅ ነው የሶሲዮሎጂ መነሻው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። «የዛሬ ልጆች ለቅሶ አይወጡም» የሚል አባባል በዚህ አዳራሽ ስንት ጊዜ ተሰምቷል? በየዓመቱ ይነገራል። ይህ ቅሬታ ነው፤ ዕውቀት አይደለም። ሶሲዮሎጂ የሚማር ልጅ አባባሉን ሰምቶ እሺም አይልም፣ እምቢም አይልም። የትኞቹ ልጆች ናቸው? ወንዶቹ ናቸው ሴቶቹ? ቀብሩ በሥራ ቀን ነበር ወይስ እሑድ? በፈረቃ የሚሠራው ወጣት ስንት ነው? ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም የቅጣት መዝገቡን ያያል። ምናልባት የሚቀጡት ሰነፎቹ ሳይሆኑ የሌሊት ፈረቃ የሚገቡት ሆነው ይገኙ ይሆናል። ምናልባትም አባባሉ እውነት ሆኖ ይገኝ ይሆናል። አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለማይታወቅም ነው የሚቆጠረው።

ሌላም አለ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? የአባወራው ነው። ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ሰሃኑን አጥቦ የሚመልሰው ግን ማን ነው? እናቶች ስትስቁ አያለሁ! ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ውስጥ «የሥራ ክፍፍል» በሚል ርዕስ ብዙ ገጽ ይይዛል። ልጅ ድንኳን ሲተከል ቆሞ በማየት ያገኘዋል።

ኤሚል ዱርካይም የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1897 ባወጣው መጽሐፍ ሰው በገዛ እጁ የሚሞትበትን ነገር በቁጥር መርምሮ፣ ከቤተሰብና ከማኅበር ጋር ያለው ትስስር የላላ ሰው ለዚህ እንደሚጋለጥ ለማሳየት ሞክሯል። አንዳንድ ቁጥሮቹ ዛሬ ይነቀፋሉ። ሆኖም የግል የሚመስለው ሞት እንኳ የብዙ ሰው ጉዳይ መሆኑን ማሳየቱ ትምህርቱን ትምህርት ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው።

እኔ ግን ለልጆቻችን ከሁሉ አብልጬ የምመርጠው ዱ ቦይስን ነው። ዱ ቦይስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 የፊላደልፊያ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር እንዲያጠና ሥራ ተሰጠው። በዚያ ከተማ የነበሩ ብዙ ነጮች ሰፈሩን የወንጀልና የስንፍና ሰፈር ነው ይሉታል። ዱ ቦይስ ከሚስቱ ጋር እዚያው ሰፈር ገብቶ ቤት ተከራየና የጥያቄ ወረቀቱን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። ማን ምን ይሠራል፣ ስንት የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ከየት መጣ፣ በየትኛው ማኅበር አለ፣ ሁሉን ጻፈ። በ1899 ያሳተመው መጽሐፍ የሰፈሩን ችግር አልሸሸገም፤ ነገር ግን ሥራ የሚከለከል፣ ኪራይ የሚጨመርበት ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አሳየ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ መረዳጃ ማኅበራትም ጽፏል። ከእነዚህ የቀደመው በ1787 የተቋቋመው ማኅበር ነው፤ አባሉ በየወሩ አንድ ሽልንግ ያዋጣል፣ የተቸገረው ይረዳል፣ የሟች ሚስትና ልጆች ይታሰባሉ። ለመረዳት ግን አንድ ዓመት መዋጮ ከፍሎ መቆየት ነበረበት። ይህን ሳነብ የእኛን ደንብ ያነበብኩ ነበር የመሰለኝ። ባሕር ማዶ፣ የእኛን ስም ሳይሰሙ፣ ያንኑ ችግር ባንኑ ዘዴ መከቱት።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጉዳዬ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማችን የኪራይ ቤቱ መልክ እንዴት እንደተለወጠ ታውቃላችሁ። ከሲዳማ ገጠር፣ ከአጎራባች ዞኖችም ወጣት ሴቶች ለሥራ ይመጣሉ። በአንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የንግድ ዕድል ስታስወጣ ሥራቸውን ያጡ ነበሩ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱ አሉ፣ ሻይና ድንች እየሸጡ እዚሁ የቀሩም አሉ። እነዚህ ልጆች በጓሯችን ይኖራሉ፤ በበራችን ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በመዝገባችን ግን የሉም።

ከእነርሱ አንዷ ብትሞት ምን ይሆናል? ጓደኞቿ ሳንቲም ያዋጣሉ፣ አከራዩ ያዝንና ይጨምራል፣ አስከሬን የሚወስድ መኪና ይፈለጋል። ጥሩምባ አይነፋም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ከሰፈሩ የሚሸኛትም ማን እንደሆነ አይታወቅም። እኛ ደግሞ ደንባችን እንዲህ አይልም እንላለን። ደንቡን ያወጡት አባቶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም። መግቢያው ከፍ ያለው እድሩ ባፈራው ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ላይ አዲስ ገቢ ከነባሩ እኩል ባለድርሻ ስለሚሆን ነው፤ ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። ሆኖም ስድስት ወር ኖራ ልትሄድ ለምትችል ልጅ ያ ገንዘብ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። በተከራይና በባለቤት መካከል ያለው ይህ መሥመር መቼ ተሰመረ? ማንን አስቀረ? በሰፈራችን ከእድር ውጭ ያለው ሰው ስንት ነው? ከሁላችን ይህን በቁጥር የሚያውቅ የለም። ኮሚቴውም አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ተከራዮች ይግቡ፣ አይግቡ» እየተባለ የተጨቃጨቅነው ቁጥሩን ሳናውቅ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን ይቁጠሩልን። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች በክረምቱ ዕረፍት ሁለት ሁለት እየሆኑ ግቢ ለግቢ ይዙሩ። የሚጠይቁት ጥቂት ነው። በዚህ ግቢ ስንት ቤተሰብ ይኖራል፤ ስንቱ በእድር አለ፤ የሌለበት ምክንያቱ ምንድን ነው፤ ከየት መጣ፤ ችግር ሲደርስ የሚጠራው ማንን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የሚጠራው ሰው የሌለው ሰው ይህን ሲጠየቅ ዝም ይላል። ዝምታውንም መጻፍ መቻል አለባችሁ።

ሥነ ሥርዓትም አለው። የሰው ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። የተጠየቀው ሰው አልመልስም ካለ አመስግኖ መሄድ ነው። የሰሙትን ለጎረቤት ማውራት፣ ለጓደኛ በስልክ መላክ ክልክል ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ወረቀትና እስክሪብቶ አይወጣም፤ ልጅ ለቅሶ ቤት የሚገባው ሊያለቅስና ሊያገለግል ብቻ ነው፣ ያየውን ቤቱ ሲመለስ ይጻፍ። ውዝፍ መዋጮ ያለበትን ሰው እየለዩ ማውጣት የጥናቱ ሥራ አይደለም፤ እሱ የገንዘብ ያዡ ሥራ ነው። ልጆቹ የሲዳምኛ ተናጋሪ ከመካከላቸው እንዲኖር አድርገው ይከፋፈሉ፤ ከገጠር የመጣችን ልጅ በማትፈታበት ቋንቋ ጠይቆ መልስ አገኘሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

ከወላጆች የሚመጣውንም ቅሬታ አውቃለሁ። «ለፈተና ያጥና እንጂ ምን ሰው ቤት ያዞረዋል?» ትሉኛላችሁ። ሥራው የሁለት ሳምንት ነው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። ልጁ መቶኛ ማስላትን፣ ሠንጠረዥ መሥራትን፣ ጥያቄ ሳያጋድሉ መጠየቅን ይማርበታል፤ እነዚህ በሒሳቡም በጂኦግራፊውም ይመጡበታል። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በመጀመሪያው ዓመት ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ የሚባል የጋራ ትምህርት ይጠብቀዋል፤ ሰፈሩን ቆጥሮ የመጣ ልጅ መምህሩ የሚለው አይጠፋውም። ጥያቄ ላነሱት እናትም የምላቸው ይህንኑ ነው። ልጅዎ ሶሲዮሎጂ ይወድ አይወድ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። አሥር ግቢ ዞሮ ከተሰለቸ ሌላ ይምረጥ። ዞሮ ሲመለስ ራት እየበላ ስለ ሰማው ነገር ማውራት ካላቆመ ግን ይተዉት፣ ይማር።

ውጤቱ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በልጆቹ አፍ ይነበባል። የምንወደው ላይሆን ይችላል። ከእድር ውጭ ያለው ሰው ከገመትነው በላይ ሆኖ ቢገኝ፣ ወይም አልገባም ያለው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን እኛን ፈርቶ ሆኖ ቢገኝ፣ ልጆቹን «ማን ይህን ጻፉ አላችሁ?» ማለት የለም። ይህን ቃል ዛሬ ካልሰጠናቸው ባይጀምሩት ይሻላል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ ያለፉትን አሥር ዓመታት የአባላትና የቅጣት መዝገብ ጸሐፊው ባሉበት፣ ስም በወረቀት ተሸፍኖ፣ እንዲያዩ ይፈቀድላቸው፤ መዝገቡ ከጸሐፊው ቤት አይወጣም። ሁለተኛ፣ ለደብተርና ለእርሳስ፣ ለወረቀት ማባዣም የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ከእድሩ ካዝና ይመደብ። የተቃወመ ካለ አሁን ይናገር፤ ከሌለ እጅ በማውጣት ይወሰን።